የተባረከው ትርፍ ጎማ

ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ አልነገርኩም፤ ኃጢአት አይደለማ። ለልጆቼ አልነገርኩም፤ እናታቸው ነኛ። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊቴን ስለማታዩት ነው። የሚያሳፍረው ዓይን ነው እንጂ ወረቀት ምን ያደርጋል?

ነገሩ ስለ ጎማ ነው። አይዟችሁ፣ ስለ ጎማ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ሰሞን ከአዲሱ ገበያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ታክሲ ጎማዋ ተነፈሰ። ሾፌሩ ወረደ፣ ትርፉን ጎማ ከኋላ ጎትቶ አወጣ፣ የተነፈሰውን ፈታ፣ ሌላውን አሰረ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ጎመኗን ከአንዱ ጉልበቷ ወደ ሌላው እስክታዛውር ነገሩ አልቆ ነበር። ማንም "ምን ነካት?" አላለም። ማንም "እግዜር ይማራት" አላለም። ገረመኝ። በእኛ ጊዜ ጎማ ሲተነፍስ ከቤተሰብ አንድ ሰው እንደ መታመም ነበር። ጎረቤት መጥቶ ይጠይቃል። አጠገቡ ቆሞ ከንፈሩን ይመጥጣል። መድኃኒት የሚያዝም አይጠፋም።

ያን ጊዜ ጥልያን አገራችን ላይ ነበር፤ ወደ ማብቂያው ግድም። እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ልሆን ትንሽ ቀርቶኛል። ከጦርነቱ በፊት የውጭ አገር ሰዎች ትምህርት ቤት ገብቼ የፈረንጅ አፍ ተምሬ ነበር። ጠላት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እኔም ከነትምህርቴ ቤት ዋልኩ። የአውሮፓን ወንዞች ከምንጫቸው እስከ ባሕራቸው በቃሌ እወርዳቸው ነበር። በእግሬ ግን ከጉለሌ ተነስቼ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም አልፌ አላውቅም። ዳኑብ ከየት እንደሚነሳ የማውቅ፣ ከቤታችን በታች የሚወርደው ወንዝ የት እንደሚገባ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። የተማረ ሰው እንዲህ ነው።

አባባ ድንኳን ሰፊ ነበሩ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ የአባባ እህት፣ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ከግቢያችን አጥር ሥር ደልዳላ ቦታ ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ተነስተን ስናይ እዚያች ቦታ ላይ ቤት ቆሟል። ማታ አልነበረም።

የአሰፋ ቤት ነበር።

አሰፋ የወፍጮ ጠጋኝ ነው። የሞተር ወፍጮ በተበላሸበት አገር ሁሉ ይጠራል፤ እስኪጠግነው ድረስም እዚያው ማደር አለበት። አሠሪው የነበሩ አንድ ሽማግሌ አርመን ይህን አይተው በትንሽ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ የሳንቃ ቤት አሠሩለት። የቆርቆሮ ክዳን አለው። ከግድግዳ ጋር የሚታጠፍ አልጋ አለው። ለምድጃው ጭስ ማውጫ አለው። ደግሞ አንዲት መስኮት፣ ከነመጋረጃዋ።

እኛ ጉለሌዎች ቤት ሲባል የምናውቀው መሬት የያዘውን ነው። ሰው ይሄዳል፣ ቤት ይጠብቃል። ቤት ራሱ ሲሄድ ማን አይቶ ያውቃል? ጥልያኖቹም ቢሆኑ አላወቁበትም። አንድ ጸሐፊያቸው የሰፈሩን ቤት ሊቆጥር መጥቶ በየበሩ በቀለም ቁጥር ሲጽፍ የአሰፋንም በር አገኘና ጻፈበት። በሳምንቱ ሊያጣራ ሲመለስ ቤቱ የለም። ቦታው ላይ ትንሽ ዘይት ፈሷል፣ ሌላ ምንም። ማን አፈረሰው ብሎ በአስተርጓሚ ጠየቀ። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ማንም እንዳላፈረሰው፣ ቤቱ ሥራ እንደሄደ፣ ማክሰኞ እንደሚመለስ በትሕትና አስረዱት።

እኔ ያቺን መስኮት ነበር የማየው። ሰውዬውን አላልኩም፤ መስኮቷን ነው ያልኩት። ጠዋት ጠዋት ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ባሕር ዛፉን ሲሸፍነው፣ የእኛ ግቢ ጠፍቶ እሷ ብቻ አየር ላይ የተንጠለጠለች ትመስላለች። ዛሬ የምታየው የእኛን አጥር ነው። ነገ የሱሉልታን ሜዳ ታያለች። ከነገ ወዲያ ደግሞ ስሙን የማላውቀውን ወንዝ። ሰው መስኮቱን ይዞ ይዞራል? እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ መነሳት፣ መጋረጃውን ገለጥ ማድረግ፣ ሌላ አገር ማየት። ቆሜ ሳስብ ወጡ ያርርብኛል። እትዬ፣ ይህች ልጅ ትምህርቱ ጆሮዋን ደፈነው ይላሉ። ትምህርቱ አልነበረም።

አሁን ወደ ጎማው ልምጣ።

በዚያ ዘመን ጎማ በወርቅም አይገኝም ነበር። ያለው ሁሉ ለጥልያን ወታደር ነው። ሌላው ሰው የያዘውን እየጠገነ፣ የጠገነውን መልሶ እየጠገነ ይሄዳል። አባባ ለአሰፋ የድንኳን ሸራ ቁርጥራጭ ይሰጡታል፤ እኔ ደራርቤ እሰፋለታለሁ። ጎማው በተቀደደበት በኩል ከውስጥ ይገባና ከመነዳሪው፣ ነፋሱን የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ እንዳይወጣ ያግደዋል። ጥልፍ እንደምጠልፍ አድርጌ ነበር የምሰፋው። ማን ሊያየው? ግን አስቡት፤ ያቺ ቤት በየአገሩ ስትዞር የምትሄደው በእኔ ስፌት ላይ ነበር። እኔ ከቀጨኔ ሳላልፍ ስፌቴ ፍቼ ደርሷል።

አንድ ጊዜ ከመነዳሪው ጨርሶ አልጠገን ቢለው አሰፋ ጎማውን በጭድ ጠቅጥቆ ከሱሉልታ ወረደ። ጭዱ በቀዳዳው እየወጣ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። ሁለት በሬዎች አገኙትና ይከተሉት ጀመር። የበሬዎቹ ባለቤት ደግሞ በሬዎቹን ተከትሎ፣ ሌባ ያዙልኝ እያለ ይሮጣል። አሰፋ ቢቆም ጎማው ሊበላበት ነው፤ ቢፈጥን ጎማው ሊፈርስበት ነው። ጉለሌ ሲደርስ ሰዎች ከብት ገዛህ ወይ እያሉ እንኳን ደስ አለህ አሉት።

ታዲያ ይህ ሰው ትርፍ ጎማ አልነበረውም? ነበረው። ደህና፣ ጥርሱ ያላለቀ፣ አንድ ትርፍ ጎማ። ከመኪናው ኋላ ግን አያንጠለጥለውም። ቢያንጠለጥለው ሲነጋ ግማሽ ጉለሌ ከጎማው የተቆረጠ አዲስ በረባሶ ተጫምቶ ይገኛል። ስለዚህ ከቤቱ ውስጥ፣ ከአልጋው ራስጌ፣ በአጭር የእንጨት ዱካ ላይ አጋድሞ ያኖረዋል። እትዬ በላይነሽ አንድ ቀን ገብተው አዩት። የወንደላጤ ቤት ያስጠላል ብለው ንጹሕ ነጭ ነጠላ አመጡና እስከ ታች አለበሱት። ከዚያ ወዲያ ላየው ሰው ጎማ አይመስልም። ምን ይመስል እንደነበር አሁን ትሰማላችሁ።

የነፍስ አባታችን መምሬ ይባላሉ፤ ዓይናቸው ደከም ያለ ደግ ሽማግሌ ናቸው። አሰፋ ቤቴን ይባርኩልኝ ብሎ ጠራቸው። ቤት ነውና ይባረካል። ጠበላቸውንና መስቀላቸውን ይዘው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ። ግድግዳውን ረጩ፣ አልጋውን ረጩ፣ መስኮቷን ረጩ። ዞር ሲሉ ከፊታቸው ክብ ነገር ነጭ ልብስ ለብሶ ቀርቧል። ክርስቲያን ቤት ውስጥ ነጭ የለበሰ ክብ ነገር ምንድነው? ሞሰብ ነው እንጂ። መምሬ ደስ አላቸው። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው አቡነ ዘበሰማያት አሉ፣ የማዕድ ጸሎት አደረሱ፣ ጎማውን አማተቡበት። እኛም "አሜን" አልን።

ምን እንበል? ማን ይንገራቸው? እኔ አባባን አየሁ፣ አባባ እትዬን አዩ፣ እትዬ አሰፋን አዩ፣ አሰፋ ጣሪያውን አየ። መምሬ ቁጭ ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና የእጅ ውሃ መጠበቅ ጀመሩ። እትዬ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው እንዴት እንደሮጡ አላውቅም፤ ከቤታችን እንጀራና ሽሮ በሳህን ይዘው መጥተው ከነጠላው ላይ፣ ከጎማው ላይ አኖሩት። መምሬ እየበሉ በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉትና እንዲህ የረጋ፣ የማይነቃነቅ ሞሰብ በዕድሜያቸው እንዳላዩ ተናገሩ። የየት አገር ስፌት ነው ብለው ጠየቁ። አሰፋ የውጭ ነው አለ። አልዋሸም።

እሳቸው ሲሄዱ ልንስቅ ስንል እትዬ ፊታቸው ተለወጠ። ነገሩ ለሳቅ አይደለም አሉ። ተጸልዮበታል፣ ተበልቶበታል፤ ከዛሬ ጀምሮ ማዕድ ነው። ማዕድ ደግሞ ጭቃ ላይ አይንከባለልም፣ ፍግ አይረግጥም። አሰፋ ለመከራከር አፉን ከፈተ፤ ፊታቸውን አየና ዘጋው። እርስዎ ሳይፈቅዱ መሬት አይነካም ብሎ ቃሉን ሰጠ። እንግዲህ እንዲህ ሆነ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ትርፍ ጎማ አለው፣ ግን የለውም። መንገድ ላይ አራቱ ሲጠገኑ ሲፈርሱ፣ አምስተኛው ቤት ውስጥ እንደ ቅዱስ ተቀምጦ ይጓዛል።

ጭንቁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከጥልያን መሥሪያ ቤት አንድ አስተርጓሚ ነበር፤ ነጭ ጫማ የሚያደርግ፣ ሁለት ሚስት ፈትቶ ሦስተኛ የሚፈልግ። ገበያ አይቶኛል መሰለኝ። እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ለአባባ መልእክት ሰደደ። አስተርጓሚ ያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበር ለእናንተ እንዴት ልንገራችሁ? ጥልያኑ አማርኛ አይሰማም። አስተርጓሚው ስለ አንድ ሰው "ይህ ሽፍታ ያበላል" ካለ፣ ያ ሰው ያበላል፤ አለቀ። ለእንዲህ ያለ ሰው እምቢ ማለት ልጅን ማትረፍ ሳይሆን አባትን መገበር ነበር።

መውጫው አንድ ብቻ ነው። "ለሌላ ሰጥቻለሁ፣ ቃሌ ወጥቷል" ማለት። የወጣ ቃል አስተርጓሚውም ቢሆን በሽማግሌ ፊት አያስፈርስም። ግን አባባ በሐሰት አይምሉም። ቃላቸው እውነት እንዲሆን ከእሁድ በፊት ሌላ ሰው ልጅዎን ይስጡኝ ማለት አለበት።

ሦስታችንም ያ ሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ከአጥራችን ሥር ተቀምጦ ቡሎን እየወለወለ ነው። ግን ማን ይንገረው? አባት ልጄን ውሰድልኝ አይልም፤ ነውር ነው። አክስት አትልም፤ ነውር ነው። እኔማ ምን ተብሎ። ስለዚህ ሳምንቱን በሙሉ ዙሪያውን ዞርን። አባባ ምሰሶ የሌለው ድንኳን ለነፋስ ነው እያሉ ስለ ድንኳን ያወሩለታል፤ እሱ ስለ ምሰሶ እንጨት ምክር ይሰጣቸዋል። እትዬ ምሳ አቅርበውለት ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይሉታል። እሱ ይጎርስና እውነት ነው እትዬ ይላቸዋል። ደግሞ ይጎርሳል።

ቅዳሜ ደረሰ። አሰፋ ለሱሉልታ ወፍጮ ተጠርቶ የይለፍ ወረቀቱን ይዟል። እትዬ ጉልበታቸውን ቁስቋም ማርያም ጠበል ሊያስነኩት ፈለጉ፤ እስከዚያ ላድርስዎ አላቸው። እኔ ደጋፊ ሆኜ ተከተልኩ።

እናንተዬ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ ሰፈራችሁ በመስኮት ሲያልፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እትዬ አልጋው ላይ ጋደም አሉ። እኔ መጋረጃውን ገለጥኩት። አጥራችን አለፈ። አባባ በሩ ላይ ቆመው አለፉ። የጎረቤት ውሻ፣ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጭስ፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፣ ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሄዱ፤ እኛ የቆምን እነሱ የሚጓዙ መሰለኝ። ዳገቱን ስንጀምር ጉሙ ዋጠን። ከዚያ በኋላ ነጭ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ባሕር ዛፍ ከነጩ ውስጥ ይወጣል፣ ያየናል፣ ተመልሶ ይገባል። ዱካው ይንቀጠቀጣል፣ ድስቱ ከድስት ይነካካል። መርከብ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ዳኑብ ላይ ነበርኩ። ነገ እሁድ እንደሆነ ረስቼው ነበር።

ከዚያ ሽሽሽ አለ።

የኋላው ግራ ጎማ ነው። አሰፋ ወርዶ አየ። እኔም ወረድኩ። እትዬ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እኔ ከመንኮራኩሩ ሥር ድንጋይ አስደገፍኩ፤ እሱ መኪናውን የሚያነሳበትን ክሪክ ሊያስገባ በጀርባው ተኝቶ ከመኪናው ሥር ገባ። ውጭ የቀረው ጫማው ብቻ ነው። ለእሱም ከእኔ የሚታየው እግሬ ብቻ ነው።

ያኔ ተናገረ። ፊት ለፊት ያልደፈረውን ለመኪናው ሆድ ተናገረ።

"ጽጌ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ነገ ሽማግሌ ይመጣል አሉ።"

የድንጋዩን ጭቃ ከእጄ ላይ ጠረግኩ።

"እኔ ቤት መሬት የለኝም። ያለኝን ታውቂዋለሽ፣ ሰፍተሽዋል። ቀደም ብዬ ብልክ ኖሮ ምን ትሉ ነበር? አባትሽን አይደለም የምጠይቀው። አንቺን ነው።"

በሥርዓት ያደገች ልጅ እንዲህ ስትጠየቅ የምታደርገው የታወቀ ነው። አንገቷን ትደፋለች፣ የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች፣ ትቀላለች። ያም "እሺ" ማለት ነው። እኔ ሁሉንም አደረግኩ። አንገቴን እስኪያመኝ ደፋሁ። ነጠላዬን በጥርሴ ቀደድኩት። እንዴት ያለ "እሺ" እንደነበር ብታዩ። ሰውዬው ግን ያለው መኪና ሥር ነው። እግሬ ደግሞ ምን ይበል? ቀጥ ብሎ ቆመ።

እግሬን አየና "ገባኝ" አለ ከሥር።

ምን ገባው? ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወጣ። ዓይኔን አላየም። እንዳልሰማሽኝ ቁጠሪው አለኝ። ጎማውን አላቀቀ፣ ከመነዳሪውን አወጣ፣ ቀዳዳውን ፈለገ፣ ፋቀ፣ ሙጫ ቀባ፣ ልጥፉን አኖረበት። ከዚያ ቁጭ ብሎ እስኪደርቅ እፍ ይልበት ጀመር። ሲደርቅ እናንተን ቁስቋም አድርሼ እሄዳለሁ አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለልጥፉ። ሱሉልታ ሥራው ብዙ ነው፣ ከዚያ ወዲያም ሌላ ወፍጮ አለ፤ እንግዲህ እስከ ክረምት አልመለስም አለ።

እኔ ቆሜ ሙጫ ሲደርቅ አያለሁ። ሙጫ ሲደርቅ ያያችሁ እንደሆነ ብዙ አያስፈራም። እኔን ግን ያስፈራኝ ነበር። እሱ ከደረቀ እኔ ነጭ ጫማ ላለው ሰው ሚስት ነኝ። ካልሆንኩም አባባ የሉም። በአማርኛ እሺ ማለት አውቃለሁ፣ በፈረንሳይኛ አውቃለሁ፣ በጥልያንኛም ለምጄዋለሁ። አንዱም ከጉሮሮዬ አልወጣም።

ጉሙ ውስጥ ቆሜ እንደ ሕልም አንድ ነገር መጣልኝ። በእኛ ቤት ሞሰብ ማን ያነሳል? እንግዳ አያነሳም። ጎረቤት አያነሳም። ማዕድ የሚያቀርብም የሚያነሳም የቤቱ እመቤት ናት። ሌላ ሴት ብታነሳ ወይ ደፋር ናት ወይ እመቤት ናት።

ወደ ቤቱ ወጣሁ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጎማው ከራስጌያቸው ነው። አቅፌ ከዱካው አወረድኩት፤ የሰው ያህል ይከብዳል። ወደ በሩ ስገፋው የእትዬ እግር ከአልጋው ተርፎ መንገዱን ዘግቷል። ቆምኩ። እትዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እግራቸውን ወደ ላይ አነሱልኝ። እኔ አለፍኩ። እግራቸውን መለሱ፣ ማንኮራፋታቸውንም ቀጠሉ።

በሩ ላይ አመለጠኝ። ከነነጠላው ደረጃውን ዘለለ፣ እንደ ሙሽራ ነጭ እንደለበሰ ጭቃው ላይ ተንከባለለ፣ አሰፋ ጉልበት ዘንድ ደርሶ ወደቀ። አሰፋ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ምን አደረግሽ፣ ማዕድ እኮ ነው፣ ለእትዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ እያለ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል እኔ ከደረጃው ላይ ሆኜ ተናገርኩ። በሕይወቴ እንዲያ ጮክ ብዬ የተናገርኩ አይመስለኝም፤ እሱ ግን በሹክሹክታ ነበር ይለኝ ነበር።

"ማዕዱን ያነሳችው የቤቱ እመቤት ናት፤ ታዲያ ማንን እንፈራለን?"

ወፍጮ ምኑ እንደታመመ ከሩቅ በድምፁ የሚያውቅ ሰው እኔን ለመስማት ስንት ጊዜ ፈጀበት። ጎማውን አየ። ነጠላውን አየ። እኔን አየ።

"የየትኛው ቤት?" አለ።

"የዚህ ቤት።"

ከዚያ ሁለታችንም ጎማውን እናይ ጀመር። ከውስጥ ማንኮራፋቱ ቆመ። እትዬ በመስኮቷ በኩል፣ ያንን ጎማ ቶሎ እሰርና መልሰን፣ ሽማግሌ የሚላከው ሳይመሽ ነው አሉ። ጠበሉን ማርያም በሌላ ቀን ትሰጠኛለች አሉ።

አሰፋ መምሬንና ሁለት የሰፈር ሽማግሎች ይዞ ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ቆመ። አባባ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸዋል። ግን ወግ ወግ ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ይመለሳል፣ ዘመድ ይማከራል፣ ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ይመለሳል። ለዚህ ሳምንታት ይፈልጋል፤ እኛ ያለን እስከ ሰዓት እላፊው ብቻ ነው። አባባ አሰቡና ዘመድ ላማክር፣ ተመለሱ አሏቸው። ሽማግሎቹ ከግቢ ወጥተው የአሰፋን ቤት አንድ ጊዜ ዞረው ተመለሱ። አባባ እትዬን አማክረው ገና ነው አሉ። ደግሞ ወጡ፣ ደግሞ ዞሩ። መምሬ በመጨረሻው ዙር ደክሟቸው፣ ሰውዬው እሺ የማይል ከሆነ ዞሬ መሞቴ ነው አሉ ይባላል። አባባ እሺ አሉ። ቃላቸው ወጣ፤ እውነተኛ ቃል።

ልጆቼ የሚያውቁት ከዚህ ወዲህ ያለውን ነው። አባታችሁ ሽማግሌ ላከ፣ አያታችሁ ፈቀዱ፣ እናታችሁ አለቀሰች። የመጨረሻዋ ልጄ በተለይ ታዝንልኛለች። እማዬ ሳትጠየቂ፣ አልቅሰሽ ነው የተዳርሽው እያለች ለጓደኞቿ ትናገራለች፤ እኔም አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ።

አዎ፣ አልቅሻለሁ። በማግስቱ ጠዋት ነው። እትዬ ነጭ ለብሰው ወደ ጓዳ ገቡና ምንም እንዳላዩ ሰው፣ ልጄ ሆይ፣ አባትሽ ለአሰፋ ሰጥተውሻል ብለው አበሠሩኝ። የታጨች ልጅ ይህን ስትሰማ ማልቀስ አለባት፤ ያላለቀሰች እንደሆነ ባል የቸኮለች ትባላለች። እኔ ግን ደስታው እንባዬን አድርቆታል። እትዬ ቆነጠጡኝ። አልሆነም። ከዚያ በመጋረጃው አባባን አየኋቸው፤ በረንዳ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ለአስተርጓሚው ሽማግሎች የሚሉትን በከንፈራቸው ያጠናሉ። እኔ ስሄድ እንዲህ ብቻቸውን ሊቀመጡ ነው። ያኔ መጣ። ከልቤ መጣ። እትዬም በዜማ አገዙኝ።

የግቢው በር ተከፈተ። የአስተርጓሚው ሽማግሎች ናቸው። ልቅሶውን ሰሙ። የእኛ ሰው ልቅሶ ሲሰማ ምን ያደርጋል? ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ያዝናል። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ እግዜር ያጽናችሁ ብለው ከአባባ ጎን ተቀመጡ። አባባ ግራ ገብቷቸው አሜን አሉ። መጽናናቱ ያስፈልጋቸው ነበር። አንደኛው ሽማግሌ የራሳቸው ወንድም ትዝ አላቸውና እንባቸውን ይጠርጉ ጀመር።

ልቅሶ ቤት የጋብቻ ነገር አይነሳም። አርባው ሳይወጣ ማንም አፉን አይከፍትም። አርባ ቀን ደግሞ እኔን ይዞ ለሚሄድ ቤት ብዙ ነው።

እትዬ ይህን ሁሉ ሳያዩ፣ ወጉ ደርሷል፣ ይበቃሻል፣ ፊትሽን ታጠቢ አሉኝ በጆሮዬ። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። የሽማግሎቹ አለቃ ልቅሶው ጋብ ሲል ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ወደ አባባ ዞሩ፤ ስለ መጡበት ጉዳይ አንዲት ቃል ጣል ሊያደርጉ ነው መሰለኝ።

ነጠላዬን ከወገቤ አሰርኩ፣ ትንፋሼን ሳብኩ፣ ከነበረው አስበልጬ ጮህኩ።